ደረሰኝ ያልያዝኩላት ሻማ

ሰሊጥ አሳጭዶ ዋጋዬን የከለከለኝን ሰውዬ ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ስከስ፣ ለድሃ በነፃ ጠበቃ የሚያቆም ድርጅት ረዳኝ። ፍርዱ ገና ነው፤ አገሬ እስቴ የምገባበት መሳፈሪያ ግን በእጄ የለም። ለችሎት የተመላለስኩበትን ድርጅቱ ይከፍላል ብለውኝ ሒሳብ ኃላፊዋ ዘንድ ገባሁ።

«ደረሰኝ አለዎት?» አለችኝ።

የምመላለሰው በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ማን ደረሰኝ ይቆርጥልኛል? ጠበቃው ሁልጊዜ «ምስክር ይዘህ ና» ስለሚለኝ፣ በማግስቱ አብረውኝ የተጫኑትን ሁለት አጫጆች ይዤ ቀረብኩ።

«እሜቴ፣ እነዚህ ይማሉልኛል!»

እናንተዬ፣ ሳቋን አልቻለችውም! ደረሰኝ ለሌለው የሚሞላ ወረቀት አውጥታ ሦስታችንንም በጣት አስፈረመችን።

«እስቴ፣ እናቴ ዘንድ ልገባ ነው» ስላት፣ የምትቆጥርልኝ ብር ላይ እጇ ቀረ።

«እኔም የዚያው ነኝ፣ አያ ታከለ። ሒሳብ ዝጊ፣ ኦዲተር መጣ ሲሉኝ አገሬ ሳልገባ ስንት ፋሲካ አለፈኝ! ለአገራችን ማርያም ሻማ ያብሩልኝ» ብላ ከቦርሳዋ ሃያ ብር ጨመረችልኝ።

እስቴ ስወርድ እግሬ በናፍቆት ወደ እናቴ ቤት ሮጠ። መልሼ ወደ ማርያም አዞርኩትና ሻማዋን አበራሁላት። ደረሰኝ አልያዝኩላትም፤ እመቤቴ ግን አይታለች።