እፍ የሚል ሰው

ከጉደር ወደ አምቦ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ከፊቴ አንድ እግራቸው በፋሻ የተጠቀለለ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የተቀመጠችው ወጣት ነርስ ናት መሰለኝ፣ ፋሻውን ትኩር ብላ አይታ ጠየቀቻቸው።

“ኦቦ፣ ይሄ ፋሻ ከተቀየረ ስንት ጊዜው ነው?”

“ቆይቷል፣ ልጄ። ሲነሳ ከሥጋዬ ጋር ነው የሚላጠው። ፈራሁት።”

“ኧረ እንዳያመረቅዝ! ሲወርዱ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።”

“ወደዚያው ነኝ። ይሄ እግር የቆየ ነው፤ ይድናል፣ ደግሞ ይመለሳል። ድሮ ባለቤቴ ነበረች የምትፈታልኝ፣ ነፍሷን ይማርና። ከአምቦ ፍልውሃ በጀሪካን ታመጣና ፋሻውን ታረጥበዋለች። ከዚያ ጫፉን ቀስ እያለች እያነሳች፣ እፍ እፍ ትልልኛለች።”

“አሁን እኮ አዲስ ነገር መጥቷል፣ ኦቦ። ስልጠና ላይ አሳይተውናል። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው፤ መድኃኒቱ እዚያው ውስጡ አለ። ቁስሉ ላይ ሲያደርጉት ቀስ በቀስ ይሟሟል።”

“አይላጥም?”

“ምኑ ይላጣል? ሟሙቶ ያልቃል እኮ። እኛ ጋ ግን ገና አልደረሰም።”

“እሰይ! እንግዲህ ፋሻ ሲነሳላቸው ሕፃናት አይጮኹማ።”

“አይጮኹም።”

“እፍ የሚል ሰውም አያስፈልግም በይኛ።”

“አያስፈልግም፣ ኦቦ።”

“እኔ እኮ አንዳንዴ ሳያመኝም እጮህ ነበር።”

ከኋላቸው ሆኜ፣ ማንም ሳያየኝ፣ መዳፌ ላይ ቀስ ብዬ እፍ አልኩ።