እስከ ማክሰኞ

እኔ የምወደው በዕለቱ ተጀምሮ በዕለቱ የሚያልቅ ድራማ ነው። በወጣትነቴ የቀን ሥራ ፍለጋ ከዝቋላ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣ ሌላ አገር ስንከራተት፣ በሳምንቱ የት እንደማድር አላውቅም ነበር። ለሳምንት የሚቀጥር ታሪክ ዛሬም አይጥመኝም።

በቅርቡ ጎረቤታችን አያ ደስታ ዐረፉ። በሰፈራችን ደንብ ሰልስቱ እስኪያልፍ ቴሌቪዥን አይከፈትም። የደንቡ ጠባቂ እማሆይ ወለቱ ራሳቸው ቤት ለቤት እየዞሩ «አጥፉ» ብለዋል። የሰልስቱ ዕለት ባለቤታቸውን እትዬ ብርቄን ላጽናና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ያቺ ልጅ ከእስር ወጣች?» አሉኝ ድንገት።

ከባላቸው ጋር በየማክሰኞው የሚያዩት ድራማ ነው፤ ትናንት ነበር የታየው። ለቀስተኛው ሁሉ ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። የመለሰ ሰው በለቅሶ መሐል ማየቱን አመነ ማለት ነው።

«እኔ እንጃ» አልኩ። «ስልኬ ላይ ግን አንድ ጥሩ ድራማ አለ፤ አሁኑኑ ያልቃል። ላሳይዎት?»

«በዚህ ቤት ያለቀው ይበቃኛል፣ ልጄ። የምጠብቀው ማክሰኞ ይኑረኝ እንጂ።»

ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ይሄኔ እማሆይ ወለቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «አልወጣችም፤ ዳኛው ቀጠሮ ሰጣት» አሉ።

ቤቱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እትዬ ብርቄም ሳቁ።

ማክሰኞ ሄጄ አብሬያቸው አየሁ። ልጅቷ ዳኛው ፊት ቆማ አፏን ልትከፍት ስትል ድራማው ተቆረጠ። እኔ በገንኩ።

እትዬ ብርቄ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ተመስገን፤ ገና ነው» አሉ።