በስሜ የቆዩት የማሚቱ ሰፌዶች

ክቡራትና ክቡራን፣ ክብርት ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ጦይባ፣ ባልደረቦቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ለአንድ የበር ጠባቂ ይህን ያህል ይደገሳል ብዬ አላሰብኩም። ይህን ጋቢ ላለበሳችሁኝ፣ ከቡሬ ድረስም ለእኔ ብላችሁ ለመጣችሁ፣ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ሌላው ተሰናባች ወረቀት ይዞ ያነባል። እኔ አልያዝኩም። ለምን? እሱን ለመናገር ነው የቆምኩት።

ስድስት ዓመት ይህን በር ጠብቄአለሁ። መታወቂያ ያልያዘ ሰው አላስገባሁም። ወይዘሮ ጦይባንም አንድ ቀን መልሻቸዋለሁ። «አያ ስመኘው፣ ሥራ አስኪያጇ እኮ እኔ ነኝ» አሉኝ። «መታወቂያው ይናገር» አልኳቸው። ቤታቸው ተመልሰው አመጡ። አሁን ይስቃሉ፤ ያን ዕለት አልሳቁም።

በሩን ስጠብቅ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን በቅጡ የገባኝ ዘንድሮ ነው። የእጅ ሥራው ፎቶ ይነሳል፤ ኤንኤፍቲ የሚሉት የባለቤትነት ምስክር በኢንተርኔት ይወጣለታል። ማን እንደሠራው፣ የት እንደተሠራ ከሥሩ ይጻፋል። ያንን ጽሑፍ ልጆቹ ሜታዳታ ይሉታል። የሩቅ አገር ሰው እሱን አይቶ ይገዛል።

አምና እኔም የባለቤቴን የማሚቱን ሥራ አመጣሁ። ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ከስንደዶና ከአክርማ የሰፋቻቸውን ሠላሳ አንድ ሰፌድና ሙዳይ በጋሪ ጭኜ መጣሁ። መዝጋቢያችን ላቀው ቅጽ ሰጠኝ። «አያ፣ ላንብብልዎት?» አለኝ። ተቆጣሁ። «ዓይኔ ገና አልጠፋም» አልኩት። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ቆየሁ።

ክቡራትና ክቡራን፣ እኔ ማንበብ አልችልም። መጻፍ የማውቀው ስሜን ብቻ ነው። ቅጹ ላይ ሁለት ክፍት ቦታ አየሁ፤ አንዱ የፊርማ፣ አንዱ የሠሪዋ ስም ኖሯል። በሁለቱም የማውቀውን ጻፍኩ። ላቀውም በእጄ የጻፍኩትን አመነና መዘገበ። እንዲህ ባለ ቁጡ ሽማግሌ ፊት ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

በጥር ወር፣ ሥራዎቹን ኢንተርኔት ላይ የምታወጣው ሁስና ስልኳን ይዛ ወደ በሩ መጣች። «አያ፣ ሰፌድ እንደሚሰፉ አላውቅም ነበር። ፈረንጆቹ እጅዎን እያደነቁ ነው» አለችኝ። ስልኩን አየሁት። ስሜን አውቀዋለሁ፤ እሱው ነው። ወስፌ ጨብጬ የማላውቅ ሰው በማሚቱ እጅ ተመሰገንኩ።

ወይዘሮ ጦይባ ጠርተው በቢሮው ሰው ፊት ጠየቁኝ። «እኔ ማሚቱ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ላቀው ነው የተሳሳተው» አልኩ። ላቀው አጠገቤ ቆሟል። አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው።

ከዚያ ሁስና ስሙን አረመች። «ተስተካክሏል» ትለኛለች። ስልኩን ሳይ የእኔው ስም እዚያው ነው።

«ዋሸሽኝ» አልኳት።

«አልዋሸሁም፣ አያ። ዋናው ጽሑፍ ታርሟል። ሰው የሚያይበት ገበያ ግን ድሮ ወስዶ ያስቀመጠውን ቅጂ ነው የሚያሳየው። እንደገና ሂድና አንብብ ካልተባለ አይለወጥም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? በይው እንጂ።»

የፕሮግራም ሠሪዎቹን መሣሪያ ከፈተች። ሰፌዶቹ የተመዘገቡበትን የውል ቁጥር አስገባችና ሠላሳ አንዱም ባንድ ጊዜ እንደገና እንዲነበቡ አዘዘች። «ወረፋ ይዟል፣ ይጠብቁ» አለችኝ። መጠበቅ ሥራዬ አይደል፣ ጠበቅሁ። በማግስቱ የእኔ ስም ጠፍቶ ሌላ ስም ገብቷል። ሁስና ጣቷን ከሥሩ እያስኬደች አነበበችልኝ። ሠላሳ አንዱም ላይ ማሚቱ ይላል።

ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ላቀው በሩ ላይ ደርሶ እንደ ወትሮው «እንዴት አደሩ፣ አያ» እስኪለኝ ድረስ ብቻ ቆየ። የማሚቱ ስም ታረመ። የእሱስ? እናንተ ዘንድ ያለው ላቀው ገና ያው የተሳሳተው ላቀው ነው። ያንን ቅጂ የሚያድስ መሣሪያ ሁስና የላትም። እውነቱን የማውቀው እኔ ነኝና ካልተናገርኩ በዚያው ይቀራል።

ትናንት ጠየቅሁት። «ወረቀቱ እኮ በእጅህ ነበር፤ ለምን አላወጣኸውም?» አልኩት።

«አውጥቼ አይቼዋለሁ። አንድ ስም፣ ሁለት ቦታ። ያኔ ገባኝ። ባሳየው ቢሮው ሁሉ ያውቅብዎት ነበር፣ አያ» አለኝ።

ይኸው፣ ቢሮው ሁሉ ይወቅብኝ።

ወይዘሮ ጦይባ፣ ልለምንዎት። ያ ደብዳቤ ከላቀው ፋይል ይውጣልኝ። የሚገባው ለእኔ ነበር። የጡረተኛ ፋይል ደግሞ ምን ይሆናል፣ እዚያ ያስቀምጡት። ላቀው፣ አንተም ይቅር በለኝ። ሰው በተሰበሰበበት ዋሽቼብህ ነበርና፣ ሰው በተሰበሰበበት እለምንሃለሁ።

እንግዲህ ልመርቃችሁና ልቀመጥ። ሁስና፣ አላህ ወግ ማዕረግሽን ያሳይሽ። ወይዘሮ ጦይባ፣ ልጆችዎ ይጡርዎት። ላቀው፣ እንደሸፈንከኝ የሚሸፍንህ ወዳጅ አትጣ። ሁላችሁንም ፈጣሪ በጤና ያቆያችሁ፤ የእጃችሁ ሥራ በስማችሁ ይጠራ። ስታጠፉም ሌላው ሳይቀጣበት እውነቱን የሚናገር አፍ ይስጣችሁ። ለእኔ ዘግይቶም ቢሆን ሰጥቶኛል።