በሁለት ጣት የዞረው ሞላ

ተሸሽጎ የከረመ ነገር የሚገለጠው ብዙውን ጊዜ በማይረባ ምክንያት ነው። ባለ መጋዙ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ከተማውን አቋርጠው ከማያውቁት ጎሚስታ ዘንድ የደረሱት፣ የሠፈራቸው ጎሚስታ የአየር መሙያው ተበላሽቶበት ሳይከፍት በመቅረቱ ብቻ ነበር። የተነፈሰ ጎማቸውን እያንከባለሉ ሲገቡ የእህታቸውን ልጅ በሩ አጠገብ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኟት። ይህች ልጅ በቴክኒክ ኮሌጅ የመኪና ጥገና ታስተምራለችና ዘመዱም ጎረቤቱም የሚጠራት «መምህርቷ» እያለ ነው።

አጎቷን ስታይ ክው አለች።

«እንደምን አደሩ አጎቴ? በዚህ በኩል ምን እግር ጣለዎት?»

«ይመስገን። እኔንስ ይቺ ጎማ ናት የጣለችኝ። አንቺስ ትምህርት በሌለበት ቀን ምነው ማልደሽ ወጣሽ?»

«እኔማ እንዲያው ለትንሽ ጉዳይ ነው። ይቀመጡ እባክዎ፣ ይቀመጡ» አለችና ወንበሯን ለቀቀችላቸው። ከመልቀቋ በፊት ግን ወንበሩን አዙራ ፊቱን ወደ መንገዱ አደረገችው።

ዳሩ ግን ባለ መጋዙ ሠላሳ ዓመት በመኪና ሥር የኖሩ ሰው ናቸው፤ ክሪክ ላይ የወጣች መኪና ካለች ሳያዩ አይቀመጡም። ዞር ቢሉ አንዲት ሰማያዊ፣ ባለ ሁለት በር፣ ወገቧ መሬት ሊነካ የደረሰ ስፖርት መኪና የፊት ጎማዎቿ ወልቀው ተሰቅላለች።

«ይቺ የልጄ መኪና አይደለችም?»

መምህርቷ መልስ ከማግኘቷ በፊት ጎሚስታው አንድ ጎማ ታቅፎ ከመኪናዋ ጀርባ ብቅ አለ። ሽማግሌውን አያውቃቸውም፤ ተራ የሚጠብቁ ደንበኛ መስለውታል።

«እህቴ፣ ይኸው በዓመት ውስጥ ሦስተኛ ጥንድ ጎማ ነው። ለእኔ ገበያ ነው፤ ግን እኔም ሰው ነኝ፣ ያሳዝነኛል። ይህን ሞላ የቆረጠውን ሰውዬ ባገኘው እጁን ይዤ እዚህ ሥር አስተኝቼ አሳየው ነበር!»

መምህርቷ ዐይኗን ጨፈነች።

«አግኝተኸዋል» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ነኝ።»

ጎማው ከጎሚስታው እቅፍ አመለጠና እየተንከባለለ ወጥቶ መንገዱ ዳር ወደቀ። የሚያነሣው ሰው አልተገኘም።

እዚህ ላይ ስለ ባለ መጋዙ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። መኪናው ዝቅ እንዲልለት የሚመኝ ጎረምሳ ሁሉ የሚሄደው ወደ እሳቸው ነበር። እሳቸውም መኪናውን ተሸክሞ የሚያነጥረውን ጥምዝምዝ ብረት፣ ሞላውን፣ ያወጡና አንድ ዙር ተኩል ለክተው ይቆርጡታል። ሌሎቹ በእሳት ሲቆርጡ እሳቸው እሳት ብረቱን ያበላሻል ብለው በእጅ መጋዝ ግማሽ ቀን ይገዘግዛሉ፤ ስማቸውም የመጣው ከዚያ ነው። የቆረጡት መኪና ጉድጓድ ሲያልፍ «ጓ!» የሚል ድምፅ ያሰማል። ባለ መጋዙ በራቸው ላይ ተቀምጠው ያንን ድምፅ ሲሰሙ ቀና ሳይሉ «ያቺ የእኔ ናት» ይሉ ነበር። ልጃቸው ስታገባ የራሷን መኪና ሞላ እንዲሁ ቆርጠው በሠርጓ ማግስት አስረከቧት። ከእጃቸው ሥራ የበለጠ የሚሰጡት ስጦታ አልነበራቸውምና።

«ምኑን ነው የሚያሳየኝ?» አሉ ባለ መጋዙ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «ሠላሳ ዓመት ቆረጥኩ። ማን ሞተ? ማን ተሰበረ? ዛሬ ትናንት የተወለደ ሁሉ ይመክረኝ?»

«አጎቴ» አለች መምህርቷ በትሕትና፣ «መልስ መስጠቴ እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝ። በእሳት አለመቁረጥዎ ከሌሎቹ እንደሚሻል ለተማሪዎቼ ሳይቀር እነግራለሁ። ነገሩን በአፌ ብነግርዎ ግን አያምኑኝምና እጅዎን ያውሱኝ። እስቲ የወለቀውን ጎማ የውስጥ ጠርዝ ይዳስሱት።»

ባለ መጋዙ ጎንበስ ብለው አሮጌውን ጎማ ከውጭ በኩል አዩት፤ ጥርሱ ሙሉ ነው። በንቀት እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱና «ኤጭ!» ብለው መለሱት። አመልካች ጣታቸው ላይ የደም ነጥብ ወጥቷል።

«ሽቦው! ሽቦው ወጥቷል እኮ!»

«አዎን። ከውጭ ላየው አዲስ ነው። መኪናዋ ያለ ልክ ዝቅ ስትል ጎማው ወደ ውስጥ ያዘነብላልና በአንድ ጠርዙ ብቻ ይሄዳል። ልጅዎ ትናንት ከሥራ የተመለሰችው በዚህ ጎማ ነው። አሁን ደግሞ ሞላውን ይያዙልኝ።»

«ሞላ ተይዞ ምን ይሆናል? ተጨንቆ የተቀመጠ ብረት በሰው እጅ አይነቃነቅም። ይህንንስ አንቺም ታስተምሪያለሽ።»

«በሁለት ጣት ይሞክሩት።»

ሽማግሌው ለመቀለድ ያህል ሞላውን በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት ያዝ አድርገው ጠምዘዝ አደረጉት። ሞላው ዞረ።

እጃቸውን አነሡና ጣታቸውን አዩት። መልሰው ያዙት፤ አሁንም ዞረ፤ ከከሳ ሰው ጣት ላይ እንዳለ ቀለበት ያለ ምንም ድካም ዞረ። የቆረጡት ጫፍ ከመቀመጫው ወጥቶ ብረቱን ፍቆት ነጭ ጭረት ሠርቶበታል። የጎደለው በገዛ እጃቸው የለኩት አንድ ዙር ተኩል ነው። ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አሉ።

«ጎማው መሬት ሲነካ ክብደት ስላለበት የያዘ ይመስላል» አለች መምህርቷ አጠገባቸው ተንበርክካ። «ጉድጓድ ስትዘል ግን ይላላል፤ ተመልሶ ሲወርድ መቀመጫውን ይስታል። ያ ጓ የሚለው ድምፅ እሱ ነው።»

«ያ ድምፅ?» አሉ ባለ መጋዙ በቀሰስታ። «ያ ድምፅ ነው?»

«እሱ ነው። ደግሞ ሞላ ሲቆረጥ ከማጠሩ ሌላ ይጠነክራል። አሞርዛተሩ የተሠራው የቀድሞውን ሞላ ዝላይ እንዲያበርድ ነበር፤ ይህኛውን አልቻለውም። ይኸው ዘይቱን ተፍቶታል።»

«ታዲያ ልጄ ለምን አልነገረችኝም? ቤቷ ከቤቴ አሥር ደቂቃ አይሞላም!»

መምህርቷ ዐይኗን ወደ ጎሚስታው መለሰች። ጎሚስታውም የማያስፈልገውን ብሎን ማጥበቅ ጀመረ።

«ተናገሪ እንጂ!»

«ባለፈው ክረምት የጎማው ቸርኬ የታጠፈበትን ቀን ያስታውሳሉ?»

«ጉድጓድ ገብታ ነዋ።»

«ጉድጓድ አልነበረም አጎቴ። በዝናብ ከምትሠራበት ሆስፒታል ስትመለስ መታጠፊያው ላይ መሪውን ብታዞር መኪናዋ አልታዘዘቻትም። ቀጥ ብላ ሄዳ የመንገዱን ጠርዝ መትታ ቆመች። ልጁ ከኋላ ነበር።»

ልጁ ማለት ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው የልጅ ልጃቸው ነው። ባለ መጋዙ የተሰቀለችውን መኪና የኋላ ወንበር አዩት። በዚያን ዕለት ማታ የታጠፈውን ቸርኬ በመዶሻ እያቀኑ ልጃቸውን «አነዳድ አታውቂም» ብለው የተሳለቁባት ትዝ አላቸው። እሷም ስቃ ዝም ብላ ነበር።

«ከዚያ ወዲህ ልጁን በዚህች መኪና አሳፍራው አታውቅም» አለች መምህርቷ። «እሱን በታክሲ ታመላልሰዋለች፤ ብቻዋን ስትሆን ትነዳታለች። እዚህ ድረስ የምናመጣትም እርስዎን የሚያውቅ ሰው እንዳያየን ነው። ዛሬ የሥራ ተራዋ ስለሆነ እኔን ላከችኝ። ‹አባባ በሠርጌ የሰጡኝን ስጦታ አላዋርድም› ነው የምትለው።»

አንባቢ ሆይ፣ ይሉኝታ ደግ ነገር ነው፤ ጎረቤትን ያስከብራል፣ አፍን ይገታል። መኪና ግን አይገታም። አባትና ልጅ እየተከባበሩ አንድ ሕፃን ሊቀብሩ ምን ያህል እንደቀራቸው ባለ መጋዙ የገባቸው ያን ጊዜ ነበር። የሰው ዐይን ሳያፍሩ አለቀሱ።

ከዚያም በድንገት ብድግ አሉ።

«ይውጣ! ዛሬውኑ ይውጣ! ያንን ወጣቶቹ የሚያወሩለትን ኮይሎቨር እንገዛላታለን። ከሁሉ ጠንካራውን! ከሁሉ ዝቅ የሚለውን! ለልጄ የእሽቅድምድሙ ነው የሚገባት!»

አሁን የመደንገጥ ተራው የመምህርቷ ሆነ።

«አጎቴ፣ መጋዙን ጥለው መዶሻ አያንሡ እንጂ! ኮይሎቨር ማለት ሞላውና አሞርዛተሩ አንዱ ለአንዱ ተመጥኖ አንድ ላይ ተገጥሞ የሚመጣ ነው። አካሉ ላይ እንደ ብሎን ጥርስ አለው፤ ቀለበቱን እያዞሩ ከፍታውን ያስተካክላሉ፤ መቁረጥ የሚባል ነገር የለም። ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። ልጅዎ በዓመት ስንት ቀን ትወዳደራለች?»

«ምን ውድድር አላት? ሆስፒታል ነው እንጂ።»

«እስከ ሆስፒታሉ ስንት ጉድጓድ አለ?»

«አሥራ አንድ» አለ ጎሚስታው ከመኪናዋ ሥር። «ቆጥሬያቸዋለሁ፤ የሚያኖሩኝ እነሱ ናቸው።»

«እንግዲህ ለአሥራ አንድ ጉድጓድ የሚሆን ነው የምንመርጠው። ጎማ መንገዱን የሚይዘው መንገዱን ሲነካ ነው። ከልክ በላይ የጠነከረ ሞላ በሻካራ መንገድ ላይ ጎማውን ያዘልለዋል፤ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም አይሰማም።»

«እንዲያ ከሆነ ለስላሳ አድርገሽ በየመታጠፊያው እንደ ጀልባ ልታወዛውዥያት ነው? ስፖርት መኪና እኮ ናት! ልጄ መንዳት ትወዳለች።»

«እውነትዎን ነው፤ ስለዚህ መካከለኛውን እንወስዳለን። ከፋብሪካው ሞላ ጥቂት የሚጠነክር፣ ለዚህች መኪና ክብደት ታስቦ የተሠራ ይሁን። አሞርዛተሩም ለዚያው ሞላ የተመጠነ፣ ሲደክም መለዋወጫ የሚገኝለት ይሁን። የእሽቅድምድሙ ከላይ የሚታሰረው ብረት በብረት ነው፤ በየዕለቱ ሲንኳኳ ያሳብዳል። የእኛ ከላይ በላስቲክ የሚታሰረው ነው።»

«ከፍታውስ?»

«ከፋብሪካው ከፍታ ሁለት ጣት ብቻ ዝቅ እናደርጋታለን። ከዚያ በላይ ካወረድናት ሞላው የሚሠራበት ቦታ ያጣል፤ ወደ ድሮው ጓ እንመለሳለን። ከገጠምን በኋላ ደግሞ አላይመንት፣ የጎማዎቹን አቋም ማለቴ ነው፣ ማስለካት የግድ ነው፤ አለዚያ ጎማው እንደገና ሽቦውን ያወጣል።»

«ሁለት ጣት» አሉ ባለ መጋዙ። የተወጋውን ጣታቸውን ጠረግ አድርገው «በይ እሺ፣ የእህቴ ልጅ። አስተምሪኝ» አሏት። ከዚህ ቀን በፊት ይህን ቃል ከአፋቸው የሰማ ሰው የለም።

ዕቃው እስኪመጣ መምህርቷ ልጅቱን «ጎማ አልተገኘም» ብላ መኪናዋን ጎሚስታው ዘንድ አቆየቻት። በመጣ ጊዜ የገጠሙት ባለ መጋዙ ራሳቸው ናቸው፤ መምህርቷ መመሪያውን ታነብላቸው ነበር። እውነት ለመናገር ልማድ ክፉ ነው፤ ቀለበቱን እያዞሩ መኪናዋን እንደ ድሮው መሬት ሊያስነኳት ምንም አልቀራቸውም ነበር። መምህርቷ ሳትናገር ሁለት ጣቷን አሳየቻቸው። ሽማግሌው አጉረመረሙና መልሰው ከፍ አደረጓት።

ልጃቸው ከሥራ ስትመጣ መኪናዋ በአባቷ በር ላይ ቆማለች። የተቆረጡት ሞላዎች መሬት ላይ ተደርድረዋል። አንዱን አነሣችና ወደ አባቷ ዞረች።

«አባባ፣ ማን ነገረዎት?»

«ጣቴ።» የጠገገውን ቁስል አሳዩዋት። «ስሚኝ ልጄ። ዳግመኛ እኔን አከብራለሁ ብለሽ ሞት እንዳትደብቂብኝ። ሥራዬን ብትሰድቢው ያመኛል፤ ያልፍልኛልም። ሞቱ ግን ቢመጣ ኖሮ አያልፍልኝም ነበር።»

ልጅቱ ጎንበስ ብላ የአባቷን ጣት ሳመች። ሕፃኑን አምጥተው ከኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ አሰሩትና በዚያው በሆስፒታሉ መንገድ ነዳች። ባለ መጋዙ ከጎኗ ተቀምጠው ጉድጓዶቹን ቆጠሩ። በአንደኛው ላይ የበሩን እጀታ ጨምድደው ያዙ፤ ጓ አላለም። በአምስተኛው ለቀቁት። መታጠፊያው ላይ መኪናዋ ሳትንገዳገድ ታጠፈች፤ ልጃቸው ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ ስትል አዩ። በአሥራ አንደኛው ላይ ዞር ቢሉ ሕፃኑ እንቅልፍ ወስዶታል።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። በማግስቱ ግን ባለ መጋዙ በራቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ አንዲት ነጭ መኪና አለፈች። «ጓ!»

«ያቺ የእኔ ናት» አሉ ሽማግሌው፤ በዚህ ጊዜ ግን ቀና አሉ። ከኋላ መስኮቷ ሁለት ትንንሽ ራሶች ይታዩ ነበር። ሠላሳ ዓመት! ስንት መኪና? ስንት ራስ?

ስልካቸውን አውጥተው የነጯን መኪና ባለቤት ደወሉለት።

«እኔ ነኝ፣ ባለ መጋዙ። ሞላህን የቆረጥኩት በስሕተት ነው። እስኪቀየር ድረስ ልጆችህን አታሳፍርባት፤ አንተም ቀስ በል። ወይ የፋብሪካውን ሞላ እንመልስልሃለን፣ ወይ ከመኪናህ ጋር የሚስማማ ኮይሎቨር መርጠን እንገጥማለን፤ እጄን አላስከፍልህም። ጎማህ እኩል ይበላል፣ ፍሬንህ ይይዛል፣ መሪህ ይታዘዝሃል፣ ወገብህም ያርፋል። እኔ በልጄ መኪና አይቼዋለሁ።»

ከወዲያ ማዶ በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ጋሼ» አለ ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ እኮ ካወቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ምን ብዬ ልንገርዎ ብዬ ነው።»

ባለ መጋዙ ስልኩን ከጆሯቸው አንሥተው ለአፍታ አዩት። ከዚያም መልሰው «ሰኞ ጠዋት አምጣት» አሉና ወደሚቀጥለው ደንበኛ ስም አለፉ።