የመርፌው ቅባት

ከገሳይ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ቄስ አጠገባቸው ያለችውን ነርስ ጠየቋት።

«የካላዛሩ መርፌ ቅባት አለው የሚሉት እውነት ነው፣ ልጄ?»

«አዎ፣ አባ። ናኖ በሚሉት፣ በዓይን በማይታይ የቅባት ጠብታ ተጠቅልሎ ነው የሚሰጠው። ኩላሊት እንዳይጎዳ ነው።»

«ወንዱ ልጄ መተማ ሰሊጥ ሊያጭድ ሄዶ በዚሁ የአሸዋ ዝንብ በሚያመጣው በሽታ ታሞ መጣ። አሁን ‹በጾም ቅባት አልወጋም› ብሎ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተኝቷል።»

«ቅባቱ እኮ ከአኩሪ አተር ነው። የጾም ነው በሉት።»

«ተመስገን! መጥተሽ አንቺው ንገሪልኝ።»

«የፍስክ ቢሆን ኖሮስ፣ አባ?»

«እኔማ የፍስክም ቢሆን ተወጋ ብዬ ለምኜዋለሁ፤ አልሰማ አለኝ።»

«ማንን መስሎ ነው በጾም እንዲህ የጠነከረ?»

«ያስተማርኩት እኔው ነኝ፣ ልጄ።»

በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ሹፌሩ እንዲፈጥን የተመኘሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።