የሱሉልታው ምርኮኛ ርክክብ

የምስክር ቃል መቀበያ

የቃል ሰጪ ስም፦ ዲኖ የሱፍ
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ ባለሱቅ
አድራሻ፦ ቡራዩ፣ ከገበያው አጠገብ
ቃሉ የተሰጠው፦ በሱሉልታ ፖሊስ ጣቢያ፣ ረቡዕ ሚያዝያ 28 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከሩብ
ጉዳዩ፦ ኦቦ ቀጄላ ዳዲ፣ ዕድሜ 68፣ በጠመንጃ አስገድደው ሰው ወስደዋል ተብለው ስለመጠርጠራቸው

ተወስዷል የተባለው ሰው እኔው ራሴ ስሆን፣ በሕይወት መኖሬን አስቀድሜ አረጋግጣለሁ።

ትናንት ማክሰኞ የድል በዓል ሲከበር፣ አርበኞች በ1931 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር ያደረጉት ውጊያ ሱሉልታ ሜዳ ላይ በጨዋታ መልክ እንዲታይ ተሰናድቶ ነበር። የሱሉልታ ሰው ሁሉ አርበኛ ካልሆንኩ ስላለ ጣሊያን የሚሆን ጠፋ። አዘጋጆቹ ቡራዩ ድረስ መጥተው ሲለምኑ፣ መልኬ ቀላ ያለ ከመሆኑም ሌላ ካኪ ካፖርት ስላለኝ እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ከሱቄ አንድ ቀን መውጣት አምሮኝ ነበር። ባለቤቴን ሃዋን "እስከ 11 ሰዓት እመለሳለሁ" ብያት፣ ከስምንት የቡራዩ ሰዎች ጋር በካሚዮን ሄጄ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን።

ውጊያው 5 ሰዓት ላይ ተጀመረ። እንደ ፕሮግራሙ እኔ እጄን ልሰጥ፣ የማረከኝ ሰው ወንዙ ዳር ላለው አለቃ ሊያስረክበኝ፣ ሕዝቡ ሊያጨበጭብ፣ ከዚያ ጠላ ለሚጠጣ ጠላ ሊቀርብ ነበር። የማረኩኝ ኦቦ ቀጄላ ናቸው፤ ከዚያ በፊት አላውቃቸውም። እጄን ሳነሣ "ሂንሶዳቲን" አሉኝ፤ በኦሮምኛ አትፍራ ማለት ነው። ጠመንጃቸው ጥይት አልነበረውም። ነገር ግን ወደ ወንዙ በመውሰድ ፈንታ ወደ ጫንጮ በሚያወጣው መንገድ ይዘውኝ ሄዱ። እኔም የጨዋታው ክፍል መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ፣ አልፎ አልፎም እያነከስኩ ተከተልኳቸው። ሕዝቡ አጨበጨበልኝ፤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ የሚያየኝ ሰው ስለሌለ ማነከሱን ትቼ "አባባ፣ ጨዋታው አላለቀም እንዴ? ወዴት ነው የሚወስዱኝ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ወደ ቤቴ። እዚያ ወንዝ ዳር ሰው አላስረክብም" አሉ።

ቤታቸው ስንደርስ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጠጅቱ ወተት ሰጡኝ። ኦቦ ቀጄላ የነገሩኝም እንዲህ ነው። በ1931 ዓ.ም. እዚያው ወንዝ ዳር አንድ ወጣት ጣሊያን ማርከው ነበር። ማንም እንደማይነካው ማተባቸውን ይዘው ሲምሉለት መሣሪያውን ሰጣቸው። ለጓዶቻቸው አስረክበውት ውሃ ሊቀዱለት ዞር ሲሉ ጓዶቻቸው ገደሉት። "ውሃውን እንደያዝኩ ቀረሁ" አሉኝ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ፣ በዓሉ በመጣ ቁጥር፣ ይኸው ሲቆረቁራቸው ኖሯል። ይህን ከሰማሁ በኋላ ልሂድ ማለት አሳፈረኝ።

በሩ ክፍት ነበር። ጠመንጃውም እኔ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ካሚዮኑ እንደሚያመልጠኝ እያወቅሁ በፈቃዴ ምርኮኛ ሆኜ ተቀመጥኩ። ለሃዋ መልእክት አለመላኬ የእኔ ጥፋት ነው፤ ቅጣቱንም ከራሷ ከሃዋ ተቀብያለሁ።

በኤግዚቢትነት ስለተያዙት ቢላና ደም የነካው ካፖርት ተጠይቄ፦ ኦቦ ቀጄላ ለዳግማ ትንሣኤ ያቆዩትን በግ ሊያርዱልኝ ቢላ ስለው ተነሡ። ወተቱን ስቀበል ቢስሚላሂ ማለቴ ትዝ ሲላቸው ግን ቆም አሉ። እኔ እስላም ስለሆንኩ እሳቸው ያረዱትን አልበላም። ስለዚህ ቢላውን ለእኔ ሰጡኝና አረድኩ፤ ደሙ የበጉ ነው። እኔ ያረድኩትን ደግሞ እሳቸው አይበሉም። የዓመት በዓል በጋቸውን እኔው ጠብሼ ስበላ፣ እሳቸው ከፋሲካ የተረፈ ወጥ እየበሉ "ጨምር እንጂ፣ በሞቴ" ይሉኝ ነበር። ለያዘው ሰው ቢላ የሚያቀብል ጠላፊ አይቼ አላውቅም። ስለመሸም እዚያው አደርኩ።

ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፖሊሶች ሃዋን ይዘው መጥተው "ሰውየውን አስረክቡ" ሲሉ፣ ኦቦ ቀጄላ ከፊቴ ቆመው "ለመንግሥትም ቢሆን አላስረክብም" ማለታቸው እውነት ነው። ይህም እንደ ሁለተኛ ጥፋት መያዙን ሰምቻለሁ። ሃዋ ግን በፖሊሶቹ መካከል አልፋ "ባሌ ነው አባባ፣ ለእኔ ይስጡኝ" አለቻቸው። "ማንም እንዳይነካው" አሉ። "ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም" አለች። እጄን ይዘው እጇ ላይ አኖሩት። ከዚያ በኋላ ነው ለካቴናው እጃቸውን የዘረጉት፤ ፊታቸው ልጁን እንደዳረ አባት በርቶ ነበር።

በግድ አልተወሰድኩም፤ አልተመታሁም፤ ክስም የለኝም። ኦቦ ቀጄላ እንዲፈቱልኝ እለምናለሁ። እሳቸው ከእስር ክፍል የላኩብኝ አንድ ልመና ብቻ ነው፤ ርክክቡ በጽሑፍ ይሁንልኝ ብለዋል።

ይህ ቃሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኝ እኔው እንደተናገርኩት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ ልጠየቅ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ዲኖ የሱፍ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ቦጂያ ሞቱማ

በቃል ሰጪው ጥያቄ የተጨመረ፦
ምርኮኛውን ዲኖ የሱፍን ከኦቦ ቀጄላ ዳዲ እጅ በሙሉ ጤንነት ተረክቤያለሁ። ውሃም ጠጥቷል።
ሃዋ አህመድ፣ የአውራ ጣት አሻራ