ለእኛ ሲል የሠለጠነ ሰው

ነይ ማራኪዬ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ። ቆይ ቦርሳዬን ላንሳልሽ። ይኼ ዝናብ ጉድ እኮ ነው! ጠዋት ከዓለም ባንክ ስነሳ ፀሐይዋ ዐይን ታጠፋ ነበር፤ ጃንጥላ የያዘውን ሰው ሁሉ እንደ ሞኝ እያየሁት ነው የመጣሁት። አሁን ጫማዬን እዪልኝ። ኮልፌ ደግሞ ጠብ ካለ መንገዱ አለቀለት፤ እስከ አጠና ተራ ድረስ ቆሟል አሉ። ግድ የለም፣ ታክሲ ተራ ከመቆም ሰርቪስ ውስጥ መቆም ይሻላል። ቤተ መጻሕፍቱ እንዴት ነው? ለመድሽው? ትለምጂዋለሽ፣ ገና ነሽ። እኔም ቢሮዬን አንድ ሰሞን ለምጄው ነበር።

ቆሎ ትበያለሽ? ውሰጂ እንጂ፣ ሱፍ አለበት። ቦርሳዋን እያየሽ ነው? አታምርም? "የአቅም ግንባታ ሥልጠና" ይላል ጎኗ ላይ። ስጦታ ናት። ሠልጥኖ የመጣ ሰው ባዶዋን ሰጠኝ። አቅሜን እንኳ ባትገነባው ቆሎዬን ትይዝልኛለች።

ምን ሆነ ፊቴ? አላለቀስኩም። ለምን አለቅሳለሁ? ቢሮው አቧራ ስላለው ነው። ዛሬ ደግሞ የድልድል ኮሚቴው ጠርቶኝ ነበር… ድልድል ታውቂያለሽ አይደል? አዲስ መዋቅር መጣ ሲባል ሠራተኛውን ሁሉ እንደ ምስር ሰፌድ ላይ አድርገው፣ አንገዋለው፣ አንዱን እዚህ ሌላውን እዚያ የሚያስቀምጡበት ነገር ነው። እኔ የወደቅኩት መዝገብ ቤት ነው። ከሰኞ ጀምሮ። ደረጃው ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ ጸጥ ያለ ቦታ ነው አሉኝ። ለዕድሜዎም ይስማማዎታል ተባልኩ። አርባ አምስት ዓመት ከጸጥታ ጋር እንደሚስማማ ዛሬ ነው የሰማሁት።

ለምን አዛወሩሽ አትበይኝ። እኔ ሰው አላማም። እናቴ ነፍሷን ይማረውና "ስም እስካልጠራሽ ሐሜት አይደለም" ትል ነበር። ስለዚህ ስም አልጠራም። መንገዱም ዝግ ነው፣ እንዲያው ስለ አንድ ደግ ሰው ላጫውትሽ…

ኧረ! ምን ወደ ፊት ታያለሽ? እሳቸውን አይደለም! አለቃችንማ እዚያ ፊት ወንበር ላይ ተኝተው አታያቸውም? ዐይናቸው ተጨፍኗል'ኮ። የእኔ ሰው ሌላ ነው። ጋሽ ወዬሳ! እባክዎ ሬዲዮውን ትንሽ ቀነስ ያድርጉልን፣ የተኛ ሰው አለ። እግዜር ይስጥልን። ይኸው፣ አሁን ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይሰማል።

የእኔን ሥራ ምንነት ታውቂዋለሽ? አይግረምሽ፣ ባለቤቴም በደንብ አያውቀውም። የዩኒቨርሲቲያችን ዶክተሮች ይመራመራሉ። ገንዘቡን የሰጠው ድርጅት ደግሞ "ምን አደረጋችሁበት?" ይላል። መሀል ላይ ቆመን ለዚያ ጥያቄ መልስ የምንሰጠው እኛ ነን፤ የምርምር አስተዳደር ባለሙያ ይሉናል። ይኼ ሙያ ዲግሪ የለውም። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፣ እሱም ብዙ አልጠቀመኝም። ሰው ሥራውን የሚማረው በሥልጠና ነው፤ ገንዘብ ሰጪዎቹም ይኼንን ስለሚያውቁ በየዓመቱ ለሥልጠና ብለው በጀት ይይዛሉ። አንድ ሰው ላኩ፣ ሥራውን በእጁ የሚሠራው ይምጣ ይላሉ።

የመጀመሪያው ሥልጠና ቢሾፍቱ ነበር። ያ ደግ ሰው ሰበሰበንና "ልጆች አሏችሁ፣ መንገድ ያደክማችኋል፣ ቤታችሁ ይጎዳል፤ እናንተ ይቅርባችሁ፣ እኔው ልሰቃይ" አለን። እንባዬ ነው የመጣው። ለሰው ብሎ ሐይቅ ዳር ሆቴል የሚገባ ስንት ሰው አለ ዛሬ? ቀጥሎ ሐዋሳ መጣ። ሐዋሳ ሙቀቱ አይቻልም ብሎ እሱው ሄደልን። አዳማ አቧራ ነው ብሎ ሄደልን። ኪጋሊ ሲመጣማ ሊነግረን እንኳ አልፈለገም፤ እንዳንጨነቅ ነው። ከተመለሰ በኋላ ነው የሰማነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይሉ የለ? እሱ ሃምሳውንም ብቻውን ተሸክሞ አንድ ቀን "ደከመኝ" ሲል አልሰማሁትም። ትከሻ ነው መቼም!

አንዳንዱ ሰው ግን አፉ ክፉ ነው፤ "ሲሾም ያልሠለጠነ ሲሻር ይቆጨዋል" እያሉ ያሙታል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ጆሮዬን እደፍናለሁ።

ደግሞ አንድ ደንብ አለን። ሠልጥኖ የመጣ ሰው ሌላውን ሰብስቦ ያየውን የሰማውን ያካፍላል። እሱ ደንብ አይጥስም። ከሐዋሳ እንደተመለሰ ከምሳ በኋላ አዳራሽ ሰበሰበን። እኔ ደብተር ይዤ ፊት ነው የተቀመጥኩት፣ ሞኝ አይደለሁ? ከዓሣ ገበያው ጀመረ። ጥሬው እንዴት እንደሚበላ፣ ሾርባው በማን እጅ እንደሚጥም፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንዴት እንደ ዘበኛ ቆመው አንጀት እንደሚጠብቁ። ከዚያ የጋራ ፎቶ አሳየን። "ይኼ እኔ ነኝ" አለ። አጨበጨብን። ወደ ምርምሩ ገንዘብ አያያዝ ስንደርስ የሰርቪስ ሰዓት ደረሰ፤ "ቀሪውን በሌላ ጊዜ" ተባባልን። ሌላው ጊዜ እስከ ዛሬ አልመጣም። ግን ልሙት ማራኪዬ፣ አሁን ሐዋሳ ወስደሽ ብትጥዪኝ መንገድ ሳልጠይቅ ዓሣ ገበያው እገባለሁ። ሰው ምንም አልተማረም ማለት ግፍ ነው።

እስካሁን አጠና ተራ አላለፍንም? እሺ ይሁን።

ታዲያ አዲስ ሲስተም መጣ። ሪፖርቱ በሙሉ በኮምፒዩተር ሆነ። ወደ ሲስተሙ መግቢያ ፓስዎርድ የሚሰጠው ደግሞ ለሠለጠነ ሰው ብቻ ነው። የሠለጠነው ማን ነው? እንግዲህ ፓስዎርዱ የእሱ፣ ሥራው የእኔ ሆነ። ጠዋት ጠዋት እሱ መጥቶ እኔ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እኔ እነሳና ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞራለሁ። ምስጢር ነዋ! እሱ በአንድ ጣቱ… ጧ… ጧ… ይጽፋል። ይስታል። "እፍ" ይላል። እንደገና ይጀምራል። እኔ የመደርደሪያውን ብሎኖች አያለሁ። ሲከፈትለት "ዙሪ" ይለኛል። እዞራለሁ። እሱ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል፣ እኔ እስከ ማታ እሠራለሁ። ትልቅ ሰው ግድግዳ ዙሪ ሲባል መጀመሪያ ያሳፍራል፤ በኋላ ይለመዳል።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሲስተሙ እንደገና ፓስዎርድ ጠየቀ። እሱ ለቅሶ ሄዷል። ደወልኩለት። "በስልክ ይንገሩኝ፣ የማስገቢያው ቀን ዛሬ ነው" ብዬ ብለምነው "ሰው ይሰማል" አለኝ በሹክሹክታ። እውነቱን ነው፣ ለቅሶ ቤት ሰው ይበዛል። ሪፖርቱ ሳይሄድ አደረ። ጠንቃቃ ሰው እንዲህ ነው።

እኔን ግን ጎበዝ አድርገሽ እንዳታስቢኝ። ሥራውን አውቀዋለሁ ካልኩሽ ዋሸሁ። የሠለጠነውም አያውቀውም፣ ያልሠለጠንኩትም አላውቀውም፤ ልዩነታችን እኔ ወንበሩ ላይ መሆኔ ነው። በግምት ነው የምሠራው። የዶክተር ገብረአምላክን ጥናት ሰምተሻል? ቆሼ፣ ቆሻሻ መጣያው አካባቢ የሚኖሩ ልጆች ሳንባ ላይ የሚሠራውን። ሪፖርቱን ስሞላ ወጪውን የማይገባ ቦታ አስገባሁት መሰለኝ፣ ተመልሶ መጣ። ሄጄ ያንን ደግ ሰው ጠየቅኩት። "አትጨነቂ፣ ሲስተሙ ራሱ ያስተካክለዋል" አለኝ። ተማመንኩ። የሠለጠነ ሰው ቃል አይደል?

ሲስተሙ አላስተካከለም። ገንዘቡ ታገደ። ልጆቹን የሚመረምሩት ነርሶች ሥራ አቆሙ። ዶክተሩ መጥቶ የጮኸው እኔ ላይ ነው፤ ምን ያድርግ፣ ያገኘው እኔን ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም ማራኪ። እነዚያ ልጆች ሲያስሉ እኔ ሠፈር ድረስ ነው የሚሰማኝ። ከእነዚያ ሁሉ ሥልጠናዎች አንዱን፣ አንዷን ብቻ ሄጄ ቢሆን ያንን ስህተት አልሠራም ነበር። ይኼ ነገር ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል፣ አይወጣም።

ምን ትቆነጥጪኛለሽ? ማን ይሰማል? የተኛ ሰው እንዴት ይሰማል? ጆሯቸው ቀላ? የማታ ፀሐይ ነች፣ በዚያ በኩል ትገባለች። ዝናብ ነው? እንግዲያው ብርድ ይሆናል። መስኮቱን ዝጉላቸው እስኪ፣ አለቃ ብርድ ሲመታው ደግ አይደለም።

የት ደረስኩልሽ? አዎ፣ ኮሚቴው። ገባሁ። በክብር ነው ያናገሩኝ። "ወይዘሮ እፀገነት፣ ከሙያው ጋር የተያያዘ ምንም ሥልጠና አልወሰዱም" አሉኝ። እውነት ነው አልኩ። "ሲስተሙ ላይም ልምድ የለዎትም፤ አጣርተናል፣ አንድም ቀን ገብተው አያውቁም" አሉኝ። አንድም ቀን! ሲስተሙ የሚያውቀው ፓስዎርዱን ነው። የተሠራው ሁሉ በእሱ ስም ነው ያለው፤ ታታሪ ተብሎ ምስጋናም ተጽፎለታል አሉ። ይገባዋል። በአንድ ጣት ያን ሁሉ መሥራት ቀላል አይደለም።

ደጉ ሰውዬ ኮሚቴው ውስጥ ነበር። እኔ ዐይን ዐይኑን አየሁት። አንድ ቃል፣ "ሥራውን የምትሠራው እሷ ናት" የሚል አንድ ቃል ጠብቄ ነበር፤ ልክድሽ አልችልም። አንገቱን ደፋ። ድምፁ ሁሉ ተለውጦ፣ በሐዘኔታ "ሥልጠና ቢኖራት ኖሮ እኔ ራሴ እከራከርላት ነበር" አለ። እንዲህ ያለ አዛኝ የት ይገኛል? በሬ ካራጁ ይውላል ይላሉ። እኔስ መዋል ብቻ መቼ ሆነ፤ ቢላውን ሲስል ፊቴን አዙሬ ጠበቅኩት።

ከፋኝ። በጣም ነው የከፋኝ። ወጥቼ ሽንት ቤት ገብቼ… አቧራ ነው አልኩሽ አይደል? አቧራ አይደለም። መዝገብ ቤት ሥራ ንቄ አይደለም፣ እዚያም ሰው እንጀራ ይበላል። ግን ለልጆቼ ምን ብዬ ልንገራቸው? የስንት ዓመት ሥራዬ ውስጥ የእናንተ እናት የለችም አሉኝ ልበላቸው? ትልቁ ልጄ ኮምፒዩተር ነው የሚማረው፣ "ለምን በራስሽ ስም አልገባሽም?" ይለኛል። ልጅ ነው፣ ሁሉ ነገር በስም የሚገባ ይመስለዋል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ቢኖር ያ ደግ ሰው ነው። ሰኞ ጠዋት ይመጣል፣ ፓስዎርዱን ያስገባል… ከዚያስ? "ዙሪ" የሚላት የለችም። ሻይ ሊጠጣ ሊወጣ ነው? ማን አለና? ሲስተሙ ራሱ ይሠራዋል ካላለ በቀር። እስቲ ቀጣዩ ሥልጠና ቶሎ ይምጣለት እንጂ፣ እንግልቱን እንዴት ይችለዋል?

አየር ጤና ደረስን? ወሬ መንገድ ያሳጥራል የሚሉት እውነት ነው። ጋሽ ወዬሳ፣ ወራጅ አለ መሰለኝ! ይኸው አለቃችን ነቁ። የተኛ ሰው ፌርማታውን እንዴት እንደሚያውቅ ይገርመኛል። ቀስ ብለው፣ ደረጃው ረጥቧል።

ውይ፣ ምን ነካኝ! እንኳን ደስ ያለዎት ሳልላቸው ሊወርዱ ነው'ኮ። አልሰማሽም ማራኪ? ልጃቸው ሥራ ያዘች። አምና የተመረቀችው። ቢሮ ትመጣ ነበር፣ ቁጭ ብላ እኔን ጥያቄ ስትጠይቅ ነበር የምትውለው፤ ትሁት፣ ሥራ የምትወድ፣ ሳቋ ደስ የሚል ልጅ ናት። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ እዚያም ምርምር ቢሮ፣ በእኛው ሙያ፣ ጀማሪ ባለሙያ ሆና። አባት ጠዋት ሲናገሩ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ያበራ ነበር። እኔ ልጅቷን እወዳታለሁ። ሰው ሲወድ ደግሞ ይመርቃል፤ እስኪ ሰርቪሱ ሁሉ አሜን በሉልኝ።

እንኳን ደስ ያለዎት ጌታዬ! ልጅዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ። አሜን በሉ እንጂ! እጇን ያሳምርላት። የደከመችበት ይባረክላት። እንጀራ ይውጣላት። አለቃዋንም ልክ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ያድርግላት።